ካርድዎን ማን አየው? ታካሚው ራሱ ስለሚያዝበት ዲጂታል የሕክምና መዝገብ

ከዘጌ በጀልባ እየተመላለሰ ባሕር ዳር የሚታከም የስኳር ሕመምተኛ ከአንድ በላይ ካርድ ቢኖረው አይገርምም። አንዱ ጤና ጣቢያ፣ አንዱ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ አንዱ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል፣ ሪፈር ከተጻፈለት ደግሞ ሌላው ጎንደር። የካርድ ቁጥሮቹ ካልተያያዙ እያንዳንዱ ሐኪም የሚያየው እዚያው ግቢ የተጻፈውን ብቻ ነው። የቀረውን የሚያገናኘው የታካሚው ትዝታና በፌስታል ጠቅልሎ የያዘው የላብራቶሪ ወረቀት ነው።

ታካሚው የሚያዝበት ዲጂታል መዝገብ የሚባለው ይህን ለማስቀረት የመጣ አሠራር ነው። ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር መግባቱ ብቻውን አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር የትኛው ሐኪም፣ የትኛውን ገጽ፣ እስከ መቼ እንደሚያይ የሚወስነው ታካሚው መሆኑ ነው። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ዜጎቿ የሕክምና መዝገባቸውን በኢንተርኔት እንዲያዩ አድርጋለች። አውስትራሊያ በ2012 የራሷን ጀመረች።

ሲወራ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ «ፍቀድ» እና «ከልክል» የሚሉ ሁለት አዝራሮች። አዝራሮቹ ግን የመጨረሻው ሥራ ናቸው። ከእነሱ በፊት ይህ መዝገብ የማን እንደሆነ፣ አሁን ስክሪኑ ፊት የቆመው ሰው በእርግጥ ባለቤቱ መሆኑ፣ የሚጠይቀው ሰው ምን እንዲያይ እንደተፈቀደለት መታወቅ አለበት። መለየት፣ ማረጋገጥ፣ መፍቀድ፤ ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው የአንዱ መልስ ለሌላው ሲሰጥ ነው።

ስምና ዕድሜ

ካርድ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ለእኛ አንድ ስም ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ሰው። ገብረ ማርያም፣ ገብረማርያም እና ገ/ማርያም እንዲሁ። በላቲን ፊደል ከተጻፈ ደግሞ ፀሐይ ብቻዋን አራት አምስት መልክ ታወጣለች። ሌላም አለ፦ አንዲት እናት አንድ ቀን የቤት ስሟን፣ ሌላ ቀን የክርስትና ስሟን ሰጥታ ካርድ ልታወጣ ትችላለች፤ ሁለቱም እውነተኛ ስሟ ናቸው።

መፍትሔው ስሙን ሁለት ጊዜ ማስቀመጥ ነው። አንዱ ሰውየው እንደጻፈው ሳይነካ ይቀመጣል። ሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ቅጂ ሲሆን፣ በእሱ ላይ ሐ፣ ኀ እና ኃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ፤ ክፍተቱ ይጠፋል፤ «ገ/»፣ «ወ/»፣ «ተ/» ወደ ሙሉ ቃላቸው ይዘረዘራሉ። ይህን ሳያደርግ የሚጀምር ሥርዓት ድርብ ካርድ እያመረተ ይቆያል።

የልደት ቀን ሌላው ወጥመድ ነው። ሐምሌ 5 ቀን 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ የተወለደው ሐምሌ 12 ቀን 1993 ነው። መዝጋቢው «1985» ብሎ የፈረንጅ አቆጣጠር በሚጠብቅ ሳጥን ውስጥ ከጻፈው ሰውየው በአንድ ጊዜ ስምንት ዓመት ይጨምራል። አዋቂ ላይ ይህ የሚያመጣው ጣጣ ካርዱ ከመታወቂያው ጋር አለመግጠሙ ነው። ሕፃን ላይ ግን የዕድገት መከታተያውም፣ የክትባት ቀጠሮውም፣ በዕድሜ የሚታዘዘው መድኃኒትም ይሳሳታል። ጳጉሜን 3 የተወለደውን ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቅ ሶፍትዌር ጭራሽ አይቀበለውም፤ መዝጋቢውም ሰልፉ ሲረዝምበት ያገኘውን ቀን ሞልቶ ያልፋል። ስለዚህ ሳጥኑ ከየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ አብሮ መመዝገብ አለበት፤ «ቀኑ በግምት ነው» የሚል ምልክትም ያስፈልጋል። ብዙ አዛውንት ትክክለኛ ቀናቸውን አያውቁትም፤ በግምት የገባ ቀን እንደ ማስረጃ ከተቆጠረ ሌላውን ሰው ይጎዳል።

እነዚህ ሁሉ ከተስተካከሉ በኋላም ሁለት ካርድ የአንድ ሰው መሆኑ የሚታወቀው በነጥብ ነው። የስሌቱ መሠረት ኢቫን ፌለጊ እና አለን ሰንተር እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተሙት ሥራ ነው። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የሚገጥም ሁሉ እኩል አይመዝንም። ሁለት ካርዶች ላይ «አበበ» የሚል ስም መገኘቱ ብዙ አያስረዳም፤ ያልተለመደ ስም መገኘቱ ግን ብዙ ያስረዳል። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ጾታ፣ የልደት ዓመት፣ ቀበሌ፣ ስልክ እያንዳንዳቸው ነጥብ ያመጣሉ ወይም ይቀንሳሉ። ድምሩ በጣም ከፍ ካለ ይያያዛሉ፤ በጣም ዝቅ ካለ ይለያያሉ፤ መሐል ላይ የቀረውን ሰው አይቶ ይወስናል። ያ የመሐል ክፍል ሠራተኛ ይፈልጋል። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለው እሱ ነው፤ ሁሉም ነገር የሚበላሸውም እዚያ ነው።

ስሕተቱ ሁለት ዓይነት ሆኖ ክብደቱ እኩል አይደለም። አንድ ሰው ሁለት መዝገብ ቢኖረው ምርመራ ይደገማል፤ ገንዘብና ጊዜ ይባክናል። ሁለት ሰዎች አንድ መዝገብ ውስጥ ሲገቡ ግን የፔኒሲሊን አለርጂ ያለባት ሴት «አለርጂ የለም» ተብላ ትታከማለች፤ ሌላዋ ደግሞ ስልኳን ከፍታ የማታውቃትን ሴት የምርመራ ውጤት ታነባለች። በዚያች ቅጽበት ሕክምናውም ምስጢሩም አብረው ይበላሻሉ። ስለዚህ መዝገቦች መቀላቀል የለባቸውም፤ እያንዳንዱ በቦታው ሆኖ «የዚህ ሰው ናቸው» በሚል ማያያዣ ይገናኙ። ስሕተት ሲገኝ ማያያዣው ይቆረጣል። አንዴ ከተቀላቀለ ግን የትኛው መስመር የማን እንደነበር መለየት የወራት ሥራ ነው።

ቁጥር ምስጢር አይደለም

«ፋይዳ ካለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ነው። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ያቋቋመው ሥርዓት የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱን ዐይን አይሪስ እና የፊት ፎቶ ወስዶ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጣል። ድርብ ካርድን ለማጥፋት ትልቅ እገዛ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩን ራሱን የካርድ ቁጥር ሲያደርጉት ነው። ባንክ የሚያውቀው፣ ቴሌ የሚያውቀው፣ አሠሪ ፎቶ ኮፒ ያደረገው ቁጥር የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ላይ ከታተመ፣ የተበታተነውን ሁሉ ወደ አንድ ሰው መሰብሰብ የሚችል ክር ተሰጠ ማለት ነው። ፋይዳ ራሱ ከ12 አሃዙ ዋና ቁጥር ሌላ 16 አሃዝ ያለው ተለዋጭ ቁጥር አለው፤ ዋናው በየቦታው እንዳይዘራ የሚረዳ ነው።

የተሻለው አሠራር እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን የካርድ ቁጥር ይዞ እንዲቀጥል፣ ከፋይዳ ጋር የሚያገናኘው ሰንጠረዥ ደግሞ በአንድ በሚጠበቅ ቦታ ብቻ እንዲቀመጥ ነው። ከአንዱ ሆስፒታል የወጣ መረጃ ያኔ ከሌላው ጋር በቀላሉ አይገጥምም።

የካርድ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ማጣሪያ አሃዝ፣ ማለትም ቁጥሩ በስሕተት መጻፉን የሚያጋልጥ አሃዝ፣ ቢኖረው ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። «ሉን» በሚባለው የተለመደ ስሌት 45182 የሚል ቁጥር እንውሰድ። ከቀኝ ጀምረን አንዱን እያለፍን እጥፍ እናደርጋለን፦ 2 እጥፉ 4፣ 8 እንዳለ፣ 1 እጥፉ 2፣ 5 እንዳለ፣ 4 እጥፉ 8። እጥፉ ከ9 ከበለጠ 9 ይቀነስለታል። ድምሩ 27 ነው፤ ወደ 30 ለመድረስ 3 ይጎድላል። የካርዱ ቁጥር 451823 ይሆናል። መዝጋቢው ተጣድፎ 458123 ብሎ ቢጽፍ ስሌቱ 5 ይጠብቃል፤ 3 ሲያገኝ «ቁጥሩ ተሳስቷል» ይላል። የሌላ ሰው ካርድ አይከፈትም።

ለምን እንደሆነ እንጃ እንጂ ቁጥር ያወቀ ሰው ባለቤቱ ነው የሚለው ልማድ በየመስኮቱ አለ። የቤት ቁጥር በር ላይ ይጻፋል፤ ቁልፉ ግን ኪስ ውስጥ ነው። «የካርድ ቁጥርሽን ንገሪኝ» ብሎ ውጤት የሚሰጥ መስኮት ለቁጥሩ የቁልፍ ሥራ ሰጥቶታል።

ታዲያ ቁልፉ ምን ይሁን? አሻራ አመቺ ቢመስልም በዲጅኖና በድንጋይ ሥራ፣ መረብ በመሳብ የተላጠ ጣት ላይ ማንበቢያው በተደጋጋሚ ይሳሳታል። ከተሰረቀም እንደ ይለፍ ቃል አይቀየርም። በስልክ የሚላክ ባለ 6 አሃዝ ኮድ ደግሞ ዋስትናው ስልኩ የማን በመሆኑ ይወሰናል። ሲም ካርዱ በባል ስም ወጥቶ፣ ስልኩ ቤት ውስጥ ለሦስት ሰው የሚያገለግል ከሆነ፣ ኮዱ የሚያረጋግጠው ቤተሰቡን እንጂ ታካሚዋን አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ስልክ የማይፈልግ መንገድ መኖር አለበት፤ ለምሳሌ ፎቶ ያለበት ካርድና ጤና ጣቢያ ላይ ራሷ የምታስገባው የምስጢር ቁጥር።

የአጭር መልእክት ይዘትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። መልእክቱ ስልኩ ሳይከፈት ስክሪኑ ላይ ይታያል። «ቀጠሮዎ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት» በቂ ነው፤ የክሊኒኩ ስም ከተጨመረ ምርመራው ተነገረ ማለት ነው። ሰዓቱም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን፤ ኮምፒውተሩ «9፡00» ብሎ የላከለት ሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ሊመጣ ይችላል።

መደበቅ ዋጋ አለው

አሁን ወደ አዝራሮቹ እንምጣ። አንዲት ታካሚ ኤች አይ ቪ በደሟ እንዳለ ከዋናው ሐኪሟ በቀር ማንም እንዳያይ ከለከለች እንበል። ሥርዓቱ «ምርመራ» የሚለውን ገጽ ደብቆ የመድኃኒት ዝርዝሩን ክፍት ከተወው ምንም አልደበቀም፤ ዶሉቴግራቪር የሚለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ስም ያነበበ ፋርማሲስት ሁሉንም ያውቃል። የላብራቶሪ ትእዛዝ፣ የቀጠሮ ክፍል፣ የሪፈር ወረቀት፣ የጤና መድህን ሒሳብ እያንዳንዳቸው ሊናገሩ ይችላሉ። መከልከል የሚሠራው በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ያለው ሁሉ አብሮ ሲከለከል ነው።

አብሮ ሲከለከል ደግሞ ሌላ አደጋ ይመጣል። ያቺው ሴት ሳንባ ነቀርሳ ይዟት ሌላ ቦታ ሪፋምፒሲን ቢጀመርላት፣ መድኃኒቱ ዶሉቴግራቪርን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣዋል፤ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰድ የነበረው 50 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ መሆን አለበት። በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያም ሪፋምፒሲን ያዳክመዋል። ስኳር ካለባትና ሜትፎርሚን የምትወስድ ከሆነ ዶሉቴግራቪር የሜትፎርሚንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው በቀን ከ1000 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ሐኪሙ ያላየውን ሊያስተካክል አይችልም።

መካከለኛው መንገድ ኮምፒውተሩ የተከለከለውን ገጽ ራሱ እንዲያነብ፣ ለሐኪሙ ግን «ይህን መድኃኒት ከማዘዝዎ በፊት ታካሚዋን ሌላ የሚወስዱት እንዳለ ለብቻዋ ይጠይቁ» ብቻ እንዲል ማድረግ ነው። ፍጹም አይደለም፤ ነቃ ያለ ሐኪም ከማስጠንቀቂያው ይገምታል። ስለዚህ ታካሚዋ አዝራሩን ስትጫን በአማርኛ፣ በቀላል ቃል፣ የምትከፍለው ዋጋ ሊነገራት ይገባል። ብዙ ሥርዓቶች የሚወድቁት እዚህ ነው፤ አሥር ገጽ የሕግ ጽሑፍ ሰጥተው «ተስማምቻለሁ» ያስብላሉ።

ከዚህ የከፋው «ታካሚው ያዛል» ማለት ታካሚውን ማዘዝ የሚችል ሁሉ ያዛል ማለት ሊሆን መቻሉ ነው። መዝገቡ ሆስፒታል ውስጥ ሳለ ባል፣ አሠሪ ወይም ወደ ዐረብ አገር ላኪ ኤጀንሲ ሊያየው አይችልም ነበር። ስልኳ ላይ ሲሆን ግን «ክፈቺና አሳዪኝ» ማለት ይቻላል። «ይህ ክፍል ተቆልፏል» የሚል ጽሑፍ ካሳየ ደግሞ ጥያቄው ይከተላል። የተከለከለው ክፍል ጭራሽ የሌለ መምሰል አለበት፤ ለዓመታት የቆየው ታሪክም በስልክ ላይ ባይከፈትና ጤና ተቋም ውስጥ ብቻ ቢታይ ይመረጣል። ይህ የታካሚዋን ነጻነት የሚቀንስ ይመስላል፤ ግን «አልችልም» ብላ እውነቷን መናገር እንድትችል ያደርጋታል።

አስታማሚም እንዲሁ። እኛ ዘንድ ታካሚ ብቻውን አይመጣም፤ ውጤት የሚቀበለው፣ መድኃኒት የሚገዛው፣ ሐኪሙ የሚያነጋግረው አስታማሚው ነው። ሥርዓቱ ይህን ካላወቀ አስታማሚው በታካሚው የምስጢር ቁጥር ይገባል፤ መዝገቡም ማን እንደገባ አያውቅም። ለአስታማሚው በራሱ ስም፣ ለምሳሌ ለ14 ቀን፣ የቀጠሮና የመድኃኒት ገጽ ብቻ መስጠት ይሻላል። እናት የልጇን መዝገብ የማየት መብትም ልጁ ሲያድግ በራሱ የሚያበቃበት ቀን ከመጀመሪያው ይጻፍ።

ድንገተኛ ሲሆን ፈቃድ የሚሰጥ ሰው የለም። ባጃጅ ገጭቶት ራሱን የሳተ ሰው መዝገብ ሐኪሙ ምክንያቱን ጽፎ ያለ ፈቃድ መክፈት መቻል አለበት። በአውስትራሊያ እንዲህ ያለው መግቢያ ቢበዛ ለ5 ቀን ይቆያል፤ መከፈቱም በመዝገቡ ላይ ይጻፋል። ይህ በር በስንፍናም ይከፈታል፤ አንድ ክፍል በሳምንት ስንት ጊዜ እንደተጠቀመበት የሚቆጥር ሰው ከሌለ መደበኛው በር ይሆናል።

ዐይን ያረፈበት ሁሉ ይጻፍ

ሰዎች ስለ ዲጂታል መዝገብ ሲያስቡ የሚፈሩት ከሩቅ አገር ሰብሮ የሚገባውን ነው። አይፈጠርም ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሲንጋፖሩ የሆስፒታሎች ቡድን ሲንግሄልዝ የ1.5 ሚሊዮን ታካሚዎች መረጃ ተወስዷል። ሰው ለሰው በሚተዋወቅበት ከተማ ግን ይበልጥ የሚያሰጋው ጎረቤት ነው። ካርድ ክፍል የምትሠራ የአጎት ልጅ፣ ላብራቶሪ ያለ የዕቁብ ጓደኛ። እነሱ መብት አላቸው፤ ምንም አልሰበሩም።

ለዚህ ከቁልፍ ይልቅ የሚሠራው ታካሚው የሚያየው የመመልከቻ መዝገብ ነው፦ ማን፣ ከየትኛው ክፍል፣ መቼ፣ የትኛውን ገጽ ከፈተ። ኢስቶኒያ ውስጥ ታካሚው ይህን ገብቶ ያያል። ከተሰጡት መብቶች አንዱን ብቻ ምረጥ ቢባል ይህን መምረጥ ይሻላል፤ ፈቃድና ክልከላ ሲሳሳቱ ስሕተቱ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

የመመልከቻ መዝገቡን የሚገድለው ደግሞ ተራ ነገር ነው። የነርሶች ክፍል ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አለ፤ ጠዋት አንዷ በስሟ ከፍታው ስድስት ሰው ቀኑን ሙሉ ይሠራበታል። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ መግባት አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነና በር ላይ 60 ሰው ከተሰለፈ ማንም እየወጣ አይገባም። በመዝገቡ ላይ ሁሉንም ያየችው አንዲት ነርስ ትሆናለች። የሠራተኛ ካርድ ነክቶ በሁለት ሰከንድ ሰው የሚቀይር ማንበቢያ ከየትኛውም መመሪያ የበለጠ ይጠቅማል። የራጅ ፎቶ በስልክ አንስቶ ከነስሙ በቴሌግራም ለሌላ ሐኪም መላክም ከመዝገቡ ውጭ ነው፤ ከወጣ በኋላ «ፈቃዴን አንስቻለሁ» ማለት አይመልሰውም።

ለጥናት የሚሰጥ መረጃ ስም ስለወጣለት ብቻ ስም አልባ አይሆንም። አሜሪካዊቷ ላታኒያ ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ስሌት ከአገሯ ሕዝብ 87 በመቶው በፖስታ ኮድ፣ በልደት ቀን እና በጾታ ብቻ ሊለይ ይችላል። ደቅ ደሴት ላይ «የ34 ዓመት ወንድ፣ ጀልባ ነጂ» ከተባለ ስሙን መጨመር አያስፈልግም። ቀበሌው በወረዳ፣ ዕድሜው በአምስት ዓመት ክልል ይተካ፤ ከ5 ሰው በታች የሆነ ቡድን አይውጣ።

ቁልፍም ኔትወርክም ሲጠፋ

መዝገቡ የተመሰጠረበት ቁልፍ ስልኩ ላይ ብቻ ካለ፣ ስልኩ ጣና ውስጥ የወደቀበት ሰው መዝገቡም አብሮ ሰጠመ ማለት ነው። ሆስፒታሉ ጋ ብቻ ካለ ደግሞ ታካሚው ያዛል የሚባለው ስም ብቻ ነው። አዲ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ዘዴ ቁልፉን ለሦስት ይከፍለዋል፦ አንዱ ስልክ ላይ፣ አንዱ ጤና ጣቢያ፣ አንዱ ታካሚው የሚያምነው ሰው ጋ። ሁለቱ ሲገጥሙ ይከፈታል፤ አንዱ ብቻውን ምንም አይናገርም።

ኔትወርክ ለማይደርስበት ቦታ አስፈላጊውን በኪውአር ኮድ ወረቀት ላይ ማተም ይቻላል። ትልቁ ኪውአር ኮድ የሚይዘው 2953 ባይት ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 980 ፊደል አካባቢ ማለት ነው። ያን ያህል ከሞላ ግን ነጠብጣቦቹ ደቀው በርካሽ ስልክ ካሜራ አይነበቡም። 200 ወይም 300 ፊደል ይበቃል፦ የደም ዓይነት፣ አለርጂ፣ የዘወትር መድኃኒትና መጠኑ፣ የተቋሙ ዲጂታል ፊርማ። ወረቀቱ ሊጠፋ ስለሚችል ታካሚው የደበቀው ነገር አይግባበት።

ሕጉ ባዶ አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ያስገባዋል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የሙያ ምስጢር ማውጣት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ያስቀጣል። አንድ ሆስፒታል አዲስ ሥርዓት ሲያስተዋውቅ «መዝገቤን ማን እንዳየው ላይ እችላለሁ? የተሳሳተ ነገር ባገኝ ማን ያስተካክለዋል? በስንት ቀን?» ብሎ መጠየቅ የታካሚው መብት ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ይረሳል፦ ባለቤቱ ድርጅት ቢዘጋው ምን ይሆናል? ጉግል ሄልዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቶ በ2012 ቆመ፤ የማይክሮሶፍቱ ሄልዝቮልት ከ2007 እስከ 2019 ብቻ ቆየ። ተጠቃሚዎች መረጃቸውን አውርደው እንዲወስዱ ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር። የሚወርደው ፋይል ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ ሰው ያነበዋል፤ ሌላ ሆስፒታል ኮምፒውተር ግን አለርጂውን ከመድኃኒቱ ለይቶ አያስገባውም። ኤፍ ኤች አይ አር በሚባለው የጋራ አቀማመጥ የሚያወጣ መሆኑን፣ ከመፈረምዎ በፊት፣ የሙከራ ፋይል አስወጥተው ያረጋግጡ።